ማንሺያ ውስጥ ባሕር መሥራት

ዓሣ ውኃውን የሠራለትን ሰው ያውቃል? ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ መመለስ አልቻልኩም። የሚያበላውን ሰው እንደሚያውቅ በዓይኔ አይቻለሁ፤ እሱ አያከራክርም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እጁን ሳያሳይ፣ ጓዳ ውስጥ ጎንበስ ብሎ፣ የሚተነፍስበትን ነገር ያዘጋጀለትን ሰው፣ እኛ በማናውቀው በሆነ መንገድ ያውቀው ይሆን? አንድ ጊዜ የማታ ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅሁት። ሰዓቱን አየና፣ "እኅቴ፣ እሱ ፈተና ላይ አይመጣም" አለኝ። መጻሕፍትም አገላብጫለሁ። ስለ ዓሣ ስንጥብና ክንፍ ብዙ ይላሉ፤ ስለዚህ ግን ምንም አይሉም።

ጥያቄው ያደረብኝ ከሱዳኑ ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት ኻርቱም፣ ማንሺያ ውስጥ፣ ከአባይ ብዙም በማይርቅ አንድ ቤት ስሠራ ነው። የቤቱ ባለቤት ባልቴት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ስለሚላቸው እኔም ሐጃ እላቸዋለሁ። ዐረብኛ አንቱ የለውም፤ ትልቁንም ትንሹንም አንተና አንቺ ነው የሚለው። እኔ ደግሞ ወሎ ያደግሁ ነኝ፤ በአፌ አንቺ ባልኳቸው ቁጥር በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። እዚህ የምጽፈው የልቤን ነው።

ሐጃ የፖርት ሱዳን ልጅ ናቸው። ለኻርቱም ባል ተድረው ሲመጡ ቤት ተሰጣቸው፣ መኪና ተሰጣቸው፣ ባሕር ግን የሚሰጣቸው አልተገኘም። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ዱባይ የሚሠራው ልጃቸው የሳሎኑን አንድ ግድግዳ የሚሸፍን የመስታወት ገንዳ አሠራላቸው። ዓሦቹ ከፖርት ሱዳን በውኃ በተሞላ ፌስታል መጡ። ከሁሉም የሚወዷቸው ሁለት ቢጫዎች ነበሩ፤ ዓይናቸው ላይ ኩል የተቀቡ የሚመስሉ፣ አንዱ ያለ አንዱ የማይሄዱ። ሐጃ ከሶላት በኋላ መስገጃቸውን ሳያጥፉ ገንዳው ፊት ተቀምጠው እነሱን ያያሉ። እኔ ደግሞ ሐጃን አያለሁ።

ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚሰድዱበት ዕድሜ ነው። ዴም በሚባለው የኻርቱም ሰፈር ሐበሾች የሚያስተምሩበት የማታ ትምህርት ቤት ነበረ። ሐጃ ከዐስር፣ ከሰዓት በኋላ ከሚሰገደው ሶላት፣ ወዲያ እንድሄድ ፈቀዱልኝ። ጉልበቴ ከዴስኩ በላይ እየወጣ፣ ልጆቼ ሊሆኑ ከሚችሉ ወጣቶች ጋር ተቀምጬ ተማርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው እንደ እኔ ነው፤ ያገኘውን ነገር እንዳይፈስበት በሁለት እጁ ይይዛል። ነጠላ ሰረዝ በቦታው ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሐጃ ውኃ መሥራት ሲያስተምሩኝም የያዝኩት እንደዚያው ነው።

የኻርቱም የቧንቧ ውኃ የአባይ ውኃ ነው። በእኛ አገር ክረምት ሆኖ አባይ ሲሞላ ቧንቧው ሻይ በወተት የመሰለ ነገር ይተፋል። "የእኛን አገር አፈር ነው የማጠልለው" እያልኩ ብቻዬን እስቅ ነበር። በሌላው ወራት ደግሞ ይጠራና ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል። ለባሕር ዓሣ ሁለቱም አይሆኑም። ስለዚህ ውኃው መጀመሪያ ጓዳ ውስጥ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ማጣሪያዎች ያልፋል። ከመጨረሻው ማጣሪያ የሚወጣው ጠብ፣ ጠብ እያለ ነው፤ ሰማያዊው በርሜል እስኪሞላ ቀኑ ይመሻል። መብራት ከጠፋ ሞተሩ ይቆማል፤ ጠብታውም አብሮ ይቆማል። ያን ውኃ ቀምሼዋለሁ። ምንም ጣዕም የለውም። የዝናብ ውኃ እንኳ ከእሱ ይሻላል።

ከዚያ ውኃው ወደ ሁለተኛው፣ ወደ ነጩ በርሜል ይዛወራል፤ ቀጥሎ ጨው። የወጥ ጨው አይደለም። የሐጃ ልጅ ከዱባይ በከረጢት የሚልከው፣ በባሕር ውኃ ውስጥ ያለውን ሁሉ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ጨው ነው። ሕጉ ጨው ወደ ውኃ ይጨመራል እንጂ ውኃ ወደ ጨው አይጨመርም ይላል። ከተገላበጠ ኖራ የመሰለ ነገር ታች ይዘቅጥና ዳግመኛ አይሟሟም። በትንሽ በትንሹ ነው፤ ነጩ በርሜል ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞተር ውኃውን እያዞረች። መጀመሪያ ይደፈርሳል፣ ከዚያ ይጠራል። እስኪጠራ ድረስ አይነካም። አቧራ ያዘለው ሀቡብ ሲነሣ ከመስኮቱ ቀድሜ የምዘጋው የበርሜሉን ክዳን ነበር። በማግስቱ በጨው መለኪያው መስታወት ላይ አንድ ጠብታ አደርግና ወደ ብርሃን አዙሬ በአንድ ዓይኔ አያለሁ። ውስጡ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ ነው፤ የሚገናኙበት መስመር ሠላሳ አምስት ላይ መዋል አለበት። ሠላሳ አራት ሠላሳ አምስት አይደለም። ሐጃ በዚህ ይስቁብኝ ነበር። "ያ ቢቲ፣ ባሕሩ ራሱ እንዳንቺ አይጠነቀቅም!" ያ ቢቲ ልጄ ማለት ነው። ያን ቃል ለመስማት ስል አንዳንድ ቀን የለካሁትን ውኃ እሳቸው ፊት ደግሜ እለካ ነበር።

አንድ ነገር ይቀራል። ኻርቱም ደረቅ ነች፤ የገንዳው ውኃ በየቀኑ ጣት ያህል ይጎድላል። የሚጎድለው ግን ውኃው እንጂ ጨው አይደለም። ይህን መጽሐፍ "ትነት" ብሎ ከማስተማሩ በፊት ያሳየኝ ዚሩ ነው፤ አላፊ አግዳሚ እንዲጠጣበት ከየበሩ ጥላ ሥር የሚቀመጠው የሸክላ ጋን። ውኃው በሸክላው አልፎ ውጩ ላይ ይተንና ነጭ ቅርፊት ትቶ ይሄዳል። ስለዚህ ገንዳው ሲጎድል የሚጨመርበት ከሰማያዊው በርሜል፣ ባዶው ውኃ ነው። ከነጩ፣ ከጨዋማው የሚጨመረው አሮጌው ውኃ ተቀድቶ ሲለወጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛዋን ሠራተኛ፣ ልጅቷን፣ ወደዚያ ቤት ያመጣኋት እኔው ነኝ። እናቷ ዴም ውስጥ ምግብ ቤት ነበራት፤ ከትምህርት ስወጣ አልፎ አልፎ እዚያ እበላለሁ። አንድ ቀን ሴትዮዋ ሳህኔን እያነሣች፣ "እስቲ በፈጠረሽ ለዚህች ልጅ አንድ ቦታ ፈልጊላት። እዚህ ወንበር ላይ ተጎልታ ስልክ ስትነካካ ወገቧ ሊያረጅ ነው" አለችኝ። ልጅቷ ኻርቱም ተወልዳ ኻርቱም ያደገች ናት። ዐረብኛዋ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ አማርኛዋ ግን መንገድ ላይ እየተሰበረ ነው የሚደርሰው። ሐጃ ጉልበታቸውን እያመማቸው፣ ፎቁና ምድሩ ለእኔ ብቻዬን እየበዛ ስለነበር ወሰድኳት።

በገባች በመጀመሪያው ቀን "ያ ሰላም!" ብላ ጮኸችና አፍንጫዋን ያን ጠዋት የወለወልኩት መስታወት ላይ ለጠፈችው። እኔ ጨርቄን ይዤ ቀረብኩ። ሐጃ ግን ይስቁ ነበር። ሁለቱ ቢጫዎች ከድንጋዩ ሥር ወጥተው ወደ አፍንጫዋ መጡ።

እስከዚያ ድረስ ዓሦቹን የሚያበሉት ሐጃ ራሳቸው ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ያ ሥራ ወደ እኔ እንደሚያልፍ አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠርኩም። በሳምንቱ ግን የዓሦቹን ምግብ፣ የተከተፈ ሽሪምፕ የያዘውን ሳህን፣ ለልጅቷ ሰጧት። "ወጣት ናት፣ በርጩማው ላይ ትውጣ" አሉኝ። እኔ በርጩማ መውጣት እችላለሁ። ግን ምን ይባላል?

"እትዬ፣ ዓሦቹ እኔን ይወዳል!" አለችኝ ከላይ ሆና፣ እጇ እስከ ክርኗ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ ቢጫዎቹ ከጣቶቿ መሐል እየበሉ።

"ይወዱኛል ነው የሚባለው።"

"አንቺንም ይወድሻል?"

"ይወዱሻል።"

"ኸላስ፣ እሺ፣ ሁላችንንም ይወዱናል!" አለችና በሳቅ ከበርጩማው ልትወድቅ ሆነ። ሐጃም አብረው ሳቁ።

እኔን ግን አይወዱኝም ነበር። እኔ ወደ ገንዳው ስቀርብ ሁሉም ድንጋያቸው ሥር ይገባሉ። ለእነሱ እኔ ማለት ቱቦና ባልዲ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ሽሪምፕ። ይህን አእምሮዬ ያውቀዋል። ቅናት ግን አእምሮ ያለበት ቦታ አይቀመጥም። ጠዋት ጠዋት ጓዳ ውስጥ ውኃ ስለካ የሁለቱ ሳቅ ከሳሎን ይመጣል፤ መስመሩ ሠላሳ አምስት ላይ መዋሉን አያለሁ፣ እሰማለሁ፣ ደግሜ አያለሁ። ጎን ለጎን የምንሰግደው እኔና ሐጃ ነን፤ ልጅቷ ክርስቲያን ናት። የሚስቁት ግን ከእሷ ጋር ነው። ሐጃ ሲጠሯት እንዴት እንደሚጠሯት፣ እኔን ሲጠሩ እንዴት እንደሚጠሩ አነጻጽር ጀመር። ለእሷ ድምፃቸው ወደ ላይ ይወጣል። ለእኔ ልኩን ይዞ ይመጣል።

ልጅቷ ክፉ ብትሆን እንዴት በተገላገልኩ። መጽሐፍ ስከፍት ሻይ አምጥታ አጠገቤ ታስቀምጥልኛለች። "እትዬ፣ አንቺ እኮ ዓሦቹን የሒሳብ ፈተና ነው የምትፈትኚው። አንድ ቀን ዝም ብለሽ እያቸው" ትለኛለች። ሻዩን እጠጣለሁ። ምክሩን አልወስድም።

ከዚያ የሐጃ ጉልበት ካይሮ ሄዶ መታከም እንዳለበት ተነገረ። ልጃቸው ከዱባይ ደውሎ፣ ሐጃ ስልኩን ድምፁ ለሁላችንም እንዲሰማ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "እማ፣ ስትመለሺ ፎቁ ይዘጋል። የምትኖሪው ምድር ቤት ነው። ሁለት ሠራተኛ አያስፈልግም፤ አንዷ ትበቃለች" አለ። "የትኛዋ?" ቢሉት፣ "አንቺ ትወስኛለሽ" አላቸው። ሐጃ ስልኩን ዘጉ፤ እኔንም እሷንም አላዩም። ልጅቷ ክርኔን ያዘችኝ። እኔ ሳህን እንደማነሣ ሆኜ ተነሣሁ።

በሚሄዱበት ቀን ሻንጣቸው በር ላይ ሆኖ ልጅቷን ጠርተው እጇን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ዓሦቼ አማና ናቸው። አማና ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አሏት። ታውቃለች። ኻርቱም ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ በአላህ ፊት የሚጠየቁበት አደራ ነው። እኔን ደግሞ "ቤቱን አደራ" ብለው የቤቱን ቁልፍ በሙሉ እጄ ላይ ጣሉት። ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፍ ተሰጠኝ ብሎ ደስ ይለው ነበር። እኔ ቁልፎቹን ይዤ የማስበው ለምን እጄን እንዳልያዙት ነው።

በጋው ከረረ። መብራቱ ይጠፋል፣ ይመጣል። በረዶ የሆነ ውኃ በጠርሙስ ገንዳው ላይ እያንሳፈፍን ሙቀቱን እንከላከላለን። በዚያ መሐል የገንዳውን ውኃ ስለካ ሠላሳ ስድስት አየሁ። መለኪያውን አጠብኩት። ሠላሳ ስድስት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሠላሳ ሰባት ሆነ፤ ከዚያም እየቆየ አርባ ሁለትን አለፈ። ዓሦቹ ስንጥባቸው ቶሎ ቶሎ ይከፈታል፤ ከቢጫዎቹ አንዱ መብላት ተወ። ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ነጩን በርሜል ደፍቼ እንደገና ሠራሁ። በርሜሉ ሠላሳ አምስት፣ ገንዳው እየወጣ። ገንዳው እንደ ወትሮው አለመጉደሉንም የበረዶው ቅዝቃዜ ያመጣው መሰለኝ። ልጅቷን ልጠይቃት ይገባኝ ነበር። አልጠየቅኋትም። ውኃው ብቻ ነበር በዚያ ቤት የእኔ፤ እሱንም የማካፍላት መሰለኝ።

አንድ ቀን መምህሩ ቀርቶ ከትምህርት ቤት ቶሎ ተመለስኩ። ሳሎን ስገባ ልጅቷ በርጩማው ላይ ቆማ፣ እያዜመች፣ ከጆግ ውኃ ወደ ገንዳው ታንቆረቁራለች።

"ምን እያደረግሽ ነው?"

"ጎደለ እኮ፣ እትዬ። አንቺ ትምህርት ስትሄጂ ሁልጊዜ እሞላለሁ። ላግዝሽ ብዬ።"

"ከየትኛው በርሜል?"

"ከነጩ።"

"ለምን ከነጩ?"

እንደ ሞኝ አየችኝ። "ወጥ ሲመጥ ባዶ ውኃ ትጨምሪያለሽ? እማዬ ብታይሽ በጭልፋ ነው የምትልሽ። የተቀመመውን ነው የሚጨመረው፤ ጣዕሙ እንዳይሄድ።"

በእናቷ ምድጃ ዳር ሁልጊዜ የተቀመመ ሾርባ የያዘ ድስት አለ፤ እኔም አይቼዋለሁ። ወጡ ሲመጥ ከእሱ ነው የምትቀዳው። ልጅቷ የምትወደውን ነገር በምታውቀው መንገድ ነበር የምትንከባከበው። እኔም ወጥ ስሠራ የማደርገው ያንኑ ነው።

ደስ አለኝ። የመጀመሪያው ስሜቴ እሱ ነበር። ዓሦቹ እየተሠቃዩ፣ ልጅቷ ጆጉን ይዛ እያየችኝ፣ በሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ዘፈነ። አንዳችን ብቻ ነን የምንቀረው፤ አማናው ደግሞ እሷ እጅ ላይ ተበላሸ።

ዚሩ ድረስ ወስጄ ቅርፊቱን አሳየኋት። ጣቷን ነካ አድርጋ ቀመሰችው፤ ፊቷ ጥቁር አመድ መሰለ። "ታዲያ አሁን ባዶውን እንጨምርበት! ያላ፣ ቶሎ!" አለች። "አይሆንም" አልኳት። "በአንድ ጊዜ ካወረድነው እሱም ይገድላቸዋል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ነው።" በማግሥቱ ጠዋት መብላት የተወው ቢጫ ገንዳው ታች በጎኑ ተኝቶ አገኘነው። ልጅቷ በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ግቢው ውስጥ ካለው የሎሚ ዛፍ ሥር ቀበረችው። እንባዋ አፍንጫዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እኔ አካፋውን ያዝኩላት።

ሐጃ ከካይሮ የሚደውሉት ዓርብ ዓርብ ነው። ሙሉውን ሳምንት ዕቃ እያጠብኩ ዐረፍተ ነገሬን በዐረብኛ አቀናበርኩ። እንዳልከስ፣ እንዳላቃልል፣ እውነቱ ብቻ እንዲሆን። ግሦቹን ሁሉ መርምሬያቸዋለሁ። ዓርብ ስልኩ ሲጠራ እጄን በጨርቅ እየጠረግሁ ወደ ሳሎን ስሄድ ልጅቷ ቀድማኝ አነሣችው።

"ሐጃ፣ ገደልኩት! ቢጫውን ገደልኩት! እኔ ነኝ፣ ወላሂ! እንደ ወጥ ጨው አበዛሁበት!"

እየተንሰቀሰቀች ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ጆጉን፣ እናቷን፣ ሁሉንም አወጣችው። የስልኩን ድምፅ ከፍታው ስለነበር እኔም እሰማለሁ። ከዚያ ሐጃ ሳቁ። ሳልና ሳቅ ተቀላቅሎ ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ሳቁ፤ ከዚያ ድምፃቸው ተለወጠ፣ አለቀሱም መሰለኝ። "ማለሽ" አሏት። አይዞሽ፣ ይለፍ ማለት ነው። "ማለሽ፣ ያ ቢቲ፣ ማለሽ።"

ያ ቢቲ።

ሳሎኑ መሐል ጨርቄን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ቤት ስኖር አንድ ብርጭቆ ሰብሬ አላውቅም። አንድ ሶላት አሳልፌ፣ አንድ መስመር ስቼ አላውቅም። ስለዚህ ማንም አንድ ቀን ማለሽ ብሎኝ አያውቅም። እሷ ዓሣ ገድላ ልጅ ሆነች። እኔ የተመረጡ ግሦቼን ይዤ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። ሐጃ እንኳ "እሷስ ምን አለች?" ብለው አልጠየቁም።

ውኃውን ወደ ልኩ ያወረድኩት ቀስ ብዬ ነው። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ ሳትጠይቀኝ ጠብታ አትነካም። አንዳንዴ አጠገቤ ቆማ መለኪያውን ታየዋለች። "የት ጋ ነው መስመሩ፣ እትዬ? እኔ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየኝ" ትላለች። ዓይኗን በየት በኩል እንደምታደርግ አሳየኋት። በደግነት ነው እንዳልል፣ እያሳየኋት እንኳ እጇ ከእጄ እንደሚያምር አይ ነበር።

ሐጃ በከዘራ ተመለሱ። ልጅቷ በሩ ሳይከፈት ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመችና እዚያው በር ላይ፣ ሻንጣው ሳይወርድ፣ "ሐጃ፣ እኔ ከእርስዎ ጋር መቅረት እፈልጋለሁ፣ እሺ?" አለቻቸው። እንዲህ ነው እሷ የምትጠይቀው፤ ሰው ውኃ ስጡኝ እንደሚል። እኔ ከኋላ ሆኜ እጃቸውን ሳምኩና ሻንጣውን ያዝኩ። ሥራዬ ይናገርልኝ ብዬ ነበር። ቀናት አለፉ። ሥራዬ ምንም አልተናገረም።

ዓርብ ቀን ልጅቷ ወደ ዴም፣ እናቷ ጋ ሄዳለች። የገንዳውን አሮጌ ውኃ በቱቦ ወደ ባልዲ እቀዳ ነበር። ሐጃ የታከመውን እግራቸውን ዘርግተው ገንዳው ፊት ተቀምጠዋል። ብቻውን የቀረው ቢጫ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ይሄዳል።

"ልጄ ትናንት ደወለ" አሉኝ። "ወስኚ እያለ ይነዘንዘኛል። እሷ መቅረት እንደምትፈልግ ነግራኛለች። አንቺስ?"

"እንዳሉ፣ ሐጃ።"

"እንዳልኩ ምን ማለት ነው? እኔ ምን አልኩ?"

ቱቦውን አየሁ። ያቀናበርኩት ዐረፍተ ነገር አልነበረኝም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል የወጣው።

"ቅናት ይዞኛል፣ ሐጃ።"

"በማን?"

"በልጅቷ።"

"በዓሦቹ ምክንያት?"

"እጇን ይዘው አማና ሲሏት ቀናሁ። ያ ቢቲ ሲሏት ቀናሁ። ዓሣ ገድላ ሲስቁላት ቀናሁ። እኔ ብገድል ይስቁልኝ ነበር?"

ሐጃ ማባበያ አልፈለጉልኝም፤ እውነቱን ነበር የሚፈልጉት። "አንቺ ብትገድዪ እፈራ ነበር" አሉኝ። "አንቺ ከተሳሳትሽማ ዓለም ሊገለበጥ ነው ማለት ነው።" ከዚያ ከዘራቸውን ምድር ላይ መቱ። "ደግሞስ ዲዳ ነው እንዴ የቀጠርኩት? ስንት ዘመን አብረን ኖረን! እኔ እኮ ዓሦቹን የማትወጂ ነበር የሚመስለኝ። መስታወቱን ስታዪ መስታወቱን ነው የምታዪው፤ እድፍ እንዳለበት።"

"መቅረት እፈልጋለሁ" አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ፤ ራሴንም አስደነገጠኝ። "እዚህ ከእርስዎ ጋር። ውኃው ስለሚያስፈልግ አይደለም። ውኃውን ማንም ይማረዋል፤ እሷም እየተማረች ነው። እኔ ነኝ መቅረት የምፈልገው።"

"በቃ፣ ይኸው ተናገርሽ። ሞትሽ?"

"አልሞትኩም።"

"እሷ እናት አላት። ዴም ሄዳ ወንበር ስባ ትቀመጣለች። አንቺ ያለሽ ይሄ ባልዲ ነው።"

"ባልዲው ጥሩ ባልዲ ነው፣ ሐጃ" አልኩ። ለምን እንዳልኩት አላውቅም። ሐጃ ሳቁ፤ ለልጅቷ እንደሚስቁት፣ ሳል እስኪይዛቸው። እኔም ቱቦውን እንደያዝኩ ሳቅሁ።

ሐጃ፣ ልጅቷ ከዒድ በዓል በኋላ ወደ እናቷ እንድትመለስ፣ ዓርብ ዓርብ ግን እየመጣች ዓሦቹን እንድታበላ ወሰኑ። "እኔ እነግራታለሁ፤ የእኔ ሥራ ነው" አሉ። የፈለግሁትን አገኘሁ ማለት ነው። ባልዲውን ደፋሁ፣ ከነጩ በርሜል ቀዳሁ፣ ለካሁ፣ ጨመርኩ።

ልጅቷ ፀሐይ ሳትጠልቅ በሪክሻ፣ በእኛ ባጃጅ፣ ደረሰች። እናቷ ጸጉሯን አዲስ ሠርታታለች፤ ቅባቱ ግንባሯ ላይ ያበራል። በፌስታል የተቋጠረ ሳህን ይዛለች። "እትዬ፣ እማዬ ለአንቺ ብላ ነው የላከችው። ከስታለች አለች፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም ያልኳት!" ሳህኑ ገና ትኩስ ነበር። ሐጃ ገና አልነገሯትም፤ እየሳቀች ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው። የቤት ሽታ ነበራት፤ የሽንኩርት፣ የቂቤ፣ ዓርብ ከሰዓትን ከእናቷ ጉልበት ሥር ተቀምጣ ያሳለፈች ልጅ ሽታ። ሳህኑን ተቀብዬ ወደ ጓዳ ስገባ እንደገና ቀናሁባት።